የኮበለለው ሳጅን መጽሐፍ፦ ተገዝቶ ሊነበብ የሚገባው ነውን?

አሜሪካዊው ሳጅን ቻርልስ ሮበርት ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በጥር 1965 አንድ ሌሊት አሥር ቢራ ከጠጣ በኋላ፣ የሚመራውን የቃኚ ጓድ መንገዱን አይቼ ልመለስ ብሎ ጥሎ፣ ነጭ ካናቴራ በጠመንጃው ላይ አስሮ ወደ ሰሜን ኮሪያ ተሻገረ። ወደ ቬትናም እላካለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ስሌቱም ሰሜን ኮሪያውያን ለሶቪየቶች ያስረክቡኛል፣ ከዚያ በልውውጥ አገሬ እገባለሁ የሚል ነበር። ከዚያች አገር የወጣው ግን ከ39 ዓመት በኋላ ነው።

ከጋዜጠኛ ጂም ፍሬደሪክ ጋር ያዘጋጀው «ዘ ሪላክታንት ኮሚዩኒስት» በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። ኮሪያን በቃኘው ሻለቃዎች ታሪክ ብቻ ለምናውቅ አንባብያን፣ ከተኩስ አቁሙ በኋላ በወዲያኛው ማዶ የነበረውን ኑሮ ከውስጥ የሚነግረን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

የመጽሐፉ ጥንካሬ በጓዳው ወሬ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ከከዱ ሦስት አሜሪካውያን ጋር የቧንቧ ውኃ በሌለበት ቤት ታጉረው እስከ 1972 ድረስ የኪም ኢል ሱንግን ትምህርት በኮሪያንኛ በቃላቸው ሲሸመድዱ ኖረዋል፤ በ1966 ፒዮንግያንግ ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ገብተው ጥገኝነት ቢጠይቁም ተቀባይ አላገኙም። በክንዱ ላይ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ንቅሳት ያለ ማደንዘዣ ከነቆዳው ቆርጠው አውጥተውታል፤ ይህን ክፍል መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ዘግቼ ነው የጨረስኩት።

ከሁሉ የመሰጠኝ ግን ትዳሩ ነው። በ1980 ያገባት ሂቶሚ ሶጋ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከጃፓኗ ሳዶ ደሴት ከእናቷ ጋር በሰሜን ኮሪያ ሰላዮች ተጠልፋ የተወሰደች ናት። ባልና ሚስቱ ማንነታቸውን ላለመርሳት በየምሽቱ እርሱ በጃፓንኛ፣ እርሷ በእንግሊዝኛ ደኅና እደሪ፣ ደኅና እደር ይባባሉ ነበር።

ጉድለት የለውም ማለት አይቻልም። የምንሰማው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው፤ ጄንኪንስ «በአለቆች ትእዛዝ ይደበድበኝ ነበር» ያለው ጀምስ ድሬስኖክ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ፒዮንግያንግ የኖረው ሌላው ኮብላይ፣ ክሱን በአደባባይ ክዷል። አንባቢ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ባያስቀምጥ እንኳ፣ ይህን ልብ ብሎ ማንበብ ይኖርበታል። ጄንኪንስ ራሱ በ2004 ጃፓን ውስጥ ለአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ክህደቱንና ለጠላት እንግሊዝኛ ማስተማሩን አምኖ የ30 ቀን እስራት ስለተፈረደበት፣ ትረካውም አንዳንድ ቦታ የተከሳሽ ቃል ይመስላል።

ቋንቋው ያልተወሳሰበ በመሆኑ መካከለኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው መዝገበ ቃላት ሳይፈልግ ይጨርሰዋል። የፖለቲካ ትንተና ለሚፈልግ አይሆንም፤ ሰው በማይወጣበት አገር እንዴት ቤት እንደሚሠራና ልጅ እንደሚያሳድግ ማየት ለሚሻ ግን ዋጋው አያስቆጭም።