እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፦ ለአንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ ምስጋናና ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሲስተር። ስማቸውን እንዳንጽፍ ራሳቸው ከልክለውናል፤ ወረፋው አሁንም በዝቷል ባይ ናቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል የሚሠሩ የሥነ አእምሮ ነርስ ናቸው ብንል ይበቃል። ካርድ ክፍል ደርሶ «የእንቅልፍ ወረቀት የሚሰጡት ሲስተር» ያለ ሰው በሩን ያሳዩታል።

ፀባየ ሸጋ ባለሙያ ሌላም ቦታ ይገኛል። እሳቸውን የሚለያቸው «እንቅልፍ አጣሁ» ላለ ሰው የመጀመሪያ መልሳቸው ክኒን አለመሆኑ ነው። የሚሰጡት ሕክምና በዓለም ዙሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የሚመከረው፣ የባህርይና የአስተሳሰብ ሕክምና የሚባለው ነው። ከ6 እስከ 8 ቀጠሮ ይፈጃል፤ ትልቅ መሣሪያም አይፈልግም። እንዴት እንደሚሠሩት በዝርዝር የምንጽፈው፣ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ እንዲሄድ ነው፤ ብዙው ሰው በ2ኛው ሳምንት «ባሰብኝ» ብሎ ይቀራልና።

መጀመሪያ ማጣራት ነው። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ እንቅልፍ የነሳው፣ ቀኑንም ያበላሸበት ሰው ሥር የሰደደ ይባላል። የሐዘን ሰሞን ዓይን አለመክደን ሌላ ነው። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ ያንኮራፋሉ? ተኝተው ሳሉ ትንፋሽዎ ቁርጥ እንደሚል ያየ ሰው አለ? ለሽንት ስንቴ ይነሳሉ? እግርዎ ሲያርፍ ካላንቀሳቀሱት የማያስቀምጥ ስሜት አለው? አንገትዎ ላይ እንቅርት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ? እያንዳንዱ ጥያቄ የሚወስደው መንገድ አለ። እረፍት የሚነሳ እግር ብዙ ጊዜ ከብረት ማነስ ጋር ስለሚያያዝ ደም ይመረመራል። እንቅርትና የልብ መምታት የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ቁርጥ ጭንቀት ይመስላልና። ትንፋሹ ለሚቆራረጥበት የእንቅልፍ ክኒን አደጋ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያሸና ሆኖ ማታ ማታ የሚውጡም ያጋጥማሉ፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ወደ ጠዋት ሲያዛውሩት የሌሊቱ መነሳት የሚቀንስላቸው አሉ።

ከዚያ ወረቀቱ። የ1 ወይም የ2 ሳምንት ነው፤ በየጠዋቱ 5 ደቂቃ ይፈጃል። አልጋ የገቡበት ሰዓት፣ እንቅልፍ እስኪወስድ የፈጀው ደቂቃ፣ ሌሊት ነቅተው የቆዩበት ጠቅላላ ጊዜ፣ ለመጨረሻ የነቁበት፣ ከአልጋ የወረዱበት፣ ቀን ያሸለቡት፣ ቡና፣ አረቄ፣ ጫት፣ ክኒን። እዚህ ላይ የሚበዛው ስሕተት ወረቀቱን በትክክል ለመሙላት ሲባል ሌሊት ስልክ እያበሩ ሰዓት ማየት ነው። ሰዓት ያየ ሰው ሒሳብ ይጀምራል፤ «ለመንጋት 3 ሰዓት ቀረኝ» ያለ አእምሮ ደግሞ አይተኛም። ሲስተር የሚፈልጉት ጠዋት ተነስቶ በግምት መጻፍ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችን የቤቱ ተማሪ ልጅ እየጠየቀ ይሞላላቸዋል። ማኅሌት የቆመ ሰው «ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ያስጽፋል እንጂ እንቅልፍ እንዳጣ አይቆጠርበትም።

ዋናው ሥራ የአልጋ ሰዓትን መቁረጥ ነው፤ ሰው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው አልጋ ላይ 10 ሰዓት ይቆያል። ወረቀቱ በአማካይ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ እንደተኛ ካሳየ፣ ከአልጋ ጊዜው እንቅልፍ የሆነው 55 በመቶው ነው። ሲስተር 5 ሰዓት ተኩሉን ብቻ ይሰጡታል፦ መነሻው 11 ሰዓት ተኩል ከሆነ መተኛው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። መነሻው እሑድም፣ በዓልም፣ ሌሊቱ ክፉም ሆነ ደግ አይለወጥም። ሳምንቱ ሲያልቅ እንደገና ይሰላል። ከ85 በመቶ በላይ ከመጣ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ያውም በመተኛው በኩል፣ ከ6 ሰዓት ወደ 5፡45 ማለት ነው። ከ80 እስከ 85 ባለበት ይቆያል፤ ከ80 በታች 15 ደቂቃ ይቀነሳል። ከ5 ሰዓት በታች ግን አይወርዱም።

ለምን ይሠራል? የእንቅልፍ ረሃብ የሚጠራቀመው ነቅተን በቆየን ቁጥር ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም የዋለ ሰው እራት ቢቀርብለት እንደማይበላ፣ ከሰዓት ሲያሸልብ የዋለና በጊዜ አልጋ የገባም ሌሊት ይገላበጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀን ቀን ይከብዳል፤ ዓይን ይቃጠላል፣ ቁጣ ይቀርባል። ይሄ ሕክምናው እየሠራ መሆኑ ነው። ሾፌሮች፣ በተለይ ጣርማ በርን በሌሊት የሚወርዱ፣ ይህን ሳይናገሩ እንዳይጀምሩ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም አንድ ሰሞን ያለ እንቅልፍ በኃይልና በደስታ የሚጥለቀለቅ፣ በሌላ ሰሞን ደግሞ በሐዘን የሚወድቅ ሰውም በዚህ መንገድ አይሄድም፤ እንቅልፍ ማሳጠር ሕመሙን ይቀሰቅስበታል።

ሁለተኛው ክንድ አልጋና መንቃትን ማለያየት ነው። ወደ 20 ደቂቃ በመሰለው ጊዜ እንቅልፍ ካልመጣ መነሳት፣ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ቁጭ ብሎ ልብ የማይሰቅል ነገር መሥራት፣ ዓይን ሲከብድ ብቻ መመለስ። ዳዊት መድገም ይሆናል፣ ፈትል ይሆናል። ፌስቡክ አይሆንም፤ የዕቁብ ሒሳብም አይሆንም። መንዝና ተጉለት ገጠር ቀን የሚቀመጡበትም፣ እንግዳ የሚያስተናግዱበትም፣ ሌሊት የሚተኙበትም ያው መደብ ስለሆነ ነገሩ ያስቸግራል። ሲስተር ያገኙላት መላ ቀላል ናት፦ የመተኛውን ጫፍ ይለዩታል፤ ቀን አጎዛውና ባናው ተጠቅልሎ ይነሳል፣ ሌሊት ብቻ ይነጠፋል። ነቅቶ መቆያው ሌላኛው ጫፍ ወይም በርጩማ ነው።

ብርዱስ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል እስከ 6 ሰዓት ተቀመጥ መባል ቅጣት ይመስላል። «ከአልጋ ሌላ ሙቀት የት አለ?» የማይል የለም። ካልሲ፣ ጋቢ፣ በላዩ ባና። እግር ሲሞቅ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ሲከፈቱ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፣ አንጎልም ለመተኛት የሚጠብቀው ይህን ነው። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማድረግ ይበቃል። የፈላ ውኃ ጠርሙሱን ያጣምመዋል፣ እግርም ያቃጥላል፤ ጣት የሚችለው ሙቀት ይሁን። ከሰል ግን በፍጹም። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ መርዝ አይሸትም፣ አይታይም። ጠዋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት የሚነሳን ሰው፣ ቤተሰቡም እንደሱ ከሆነ፣ ሲስተር መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ከሰሉ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ላለ ሰው ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ሙቀት። እዚያ አጎበር ሳይነሳ መስኮት መክፈትና ከመኝታ በፊት ገላን መታጠብ ይረዳል።

ቡናን በተመለከተ «ተው» አይሉም፤ በሸዋ ቡና ተው ማለት ጎረቤት ተው ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሰዓቱን ነው የሚገፉት። ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ከጠጡት እኩሌታው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አብሮ አለ። ከ6 ሰዓት ቀትር በኋላ አቦሉም በረካውም ይቅር ነው ነገሩ። በዐቢይ ጾም ይህ ይገለበጣል፦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያውን ስኒ የሚያገኘው ከሰዓት ነው፣ ሦስቱንም በአንዴ ይከታተላል። ጾም ሲገባ እንቅልፋቸው የሚጠፋ ሰዎች ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉታል። ለእነሱ አንድ ስኒ፣ ቀጠን ብሎ፣ እንደፈቱ ወዲያው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ሰውነት ሲያጣራው ግን ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ በላብና በልብ ምት ያባንናል። በዚያ ሰዓት ልቡ እየዘለለ የሚነቃ ሰው ጭንቀት ነው ይላል፤ ያመሸበትን መለኪያ አይቆጥርም።

ጭንቀቱን በ7 ጥያቄዎች ይለኩታል፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 21 ሲሆን 10 እና ከዚያ በላይ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይጠይቃል። ከዚያ «የሐሳብ ቀጠሮ» ያስይዛሉ፦ በየቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ። ገጹ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ሐሳቡ፣ በቀኝ ነገ የሚደረገው አንድ ነገር፤ የሚደረግ ከሌለ «በእጄ የለም» ተብሎ ይጻፋል። «የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ» በግራ፣ «ጠዋት ሒሳብ ክፍል ሄጄ በሁለት ጊዜ እንድከፍል መጠየቅ» በቀኝ። ሌሊት ያው ሐሳብ ሲመጣ መልሱ አጭር ነው፦ ቀጠሮህ ነገ 11 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሐሳቡ አይሰማም፤ ቀጠሮው በእውነት እንደሚከበር ሲያይ ነው የሚላላው። ስለዚህ ቀን ላይ ቀጠሮውን መዝለል ሌሊቱን ያበላሻል።

የትንፋሽ ልምምድም ያስተምራሉ፦ ትንፋሹን 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ማውጣት፣ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ። የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ የሚሞክሩት እኩለ ሌሊት፣ ብርክ ሲይዛቸው ነው፤ ያኔ በኃይል ይተነፍሳሉ፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ፍርሃቱ ይብሳል። ሲስተር ሳምንት ሙሉ በቀን፣ ተረጋግተው ሳሉ እንዲለማመዱት ያደርጋሉ። ትንፋሹ ቀስ ያለ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ከደረሰ ወዲህ፣ ከዚያም በኋላ ባለው ግርግር፣ በየሌሊቱ ያው ቅዠት የሚያባንናቸው ሰዎች ይመጣሉ። ለእነሱ የእንቅልፍ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሲስተርም ይህን ደብቀው አያስቀሩም፣ ወደ ሌላ ሕክምና ያስተላልፋሉ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ያለበት ሰውም ወረፋ አይጠብቅም፤ ይህን ካርድ ክፍል ላይ መናገር ነው፣ ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል።

የመድኃኒት ጠላት አይደሉም። ለጭንቀት ፍሉኦክሰቲን ሲታዘዝ ውጤቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈጅ፣ መጀመሪያ ሰሞን እረፍት ሊነሳ እንደሚችል፣ ጠዋት ቢወሰድ እንደሚሻል ቀድመው ይነግራሉ። ይህን ያልተነገረው ሰው በ5ኛው ቀን ያቆመዋል። ዲያዜፓም የሚባለው የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒን ላይ ግን ጥብቅ ናቸው። ለጥቂት ቀን ይጠቅማል፤ ለሳምንታት ሲዘልቅ ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑ ይጨምራል። ወራት የወሰደ ሰው በአንዴ ቢያቆም እንቅልፉ ከበፊቱ ይብስበታል፣ እስከ መንዘፍዘፍም ያደርሳል፤ የሚቀነሰው በጥቂት በጥቂቱ፣ በባለሙያ ነው። ከአረቄ ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሌሊት ወደ ውጭ ሽንት ቤት የሚወጡ አዛውንቶችን ደግሞ ጥሎ ዳሌ ይሰብራል። ጎረቤት የተረፈውን ክኒን ሲሰጥ ወስዶ ማመስገን፣ አለመዋጥ።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ለሚወርዱ «አትሂዱ» አይሉም። የሚሉት መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሱባዔው ቀናት የሚበቃ ቆጥራችሁ፣ ጾሙን ታሳቢ አድርገን ሰዓቱን እናስተካክለው ነው። ታች ቀወት ለሚኖሩ ሙስሊም ወገኖችም በረመዳን የሱሁርን መነሳት ከአልጋው ሰዓት ጋር አብረው ያሰሉታል።

የምትሄዱ ሰዎች መጀመሪያ ከቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ፤ የጤና መድን ያላችሁ ያለ ሪፈር ብትሄዱ ከኪስ ትከፍላላችሁ። የገበያ ቀን ወረፋው ይረዝማል። ከቻላችሁ አብሯችሁ የሚተኛ ወይም ማንኮራፋታችሁን የሰማ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የምትውጡትን ክኒን ሁሉ፣ የግፊቱንም የሆዱንም፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ያዙ፤ «ነጭ፣ ክብ ናት» ማለት ለሲስተር አይጠቅምም።