የራጅ ፊልም ወይስ ኤችፒ5? ለትልቅ ካሜራ የቱን ልግዛ?

8 በ10 ኢንች ፊልም የሚጎርስ ካሜራ አንዴ ይገዛል፤ ፊልሙ ግን ሁሌ ይገዛል። እንደ ሲያኖታይፕ (በፀሐይ ብርሃን የሚታተም ሰማያዊ ፎቶ) ባሉ የእጅ ህትመቶች ደግሞ ምስል ማሳደግ የለም። ኔጋቲቩ፣ ማለትም ታጥቦ የወጣው ፊልም፣ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል ከተቀባው ወረቀት ጋር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ትልቅ ፎቶ የፈለገ ትልቅ ኔጋቲቭ ያስፈልገዋል።

ብዙዎቻችን የምናመነታው በሁለት መሃል ነው፦ ሐኪም ቤት በምናውቀው የራጅ ፊልምና እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ባለ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ፊልም።

ዋጋ ላይ ክርክር የለም። በ8 በ10 ኤችፒ5 በካርቶን 25 ፍሬ ነው፤ ራጁ 100፣ ፍሬውም በጣም ይረክሳል። 11 በ14 እና 14 በ17 የራጅ መደበኛ ልኮች ናቸው። ኢልፎርድ ግን እንደ 7 በ17 እና 12 በ20 ያሉትን የሚሠራው በዓመት አንዴ ትእዛዝ ተቀብሎ ነው።

ዋናው ልዩነት ቀለም ላይ ነው። ለአረንጓዴ ብርሃን የተሠራው የራጅ ፊልም ቀይን አያይም። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ጥቁር ጥለት ይዞ ይወጣል። ከንፈር ይጠቁራል። ጠይም ፊት ላይ ያለው ቅላትም ስለሚጠፋ ፊቱ ከሚገባው በላይ ይጨልማል። እናቴን በራጅ ፊልም ያነሳኋት ጊዜ የዓይኗ ዙሪያ ጨልሞ ጠፋብኝ፤ በጣም አዘንኩ። በኤችፒ5 ደግሜ ሳነሳት ነው እሷን እሷን ያለችው። ለሰው ፊት ያለ ማመንታት ኤችፒ5 ግዙ። ለድንጋይ፣ ለዛፍ፣ ለአሮጌ ግንብ ግን ራጁ በጣም ያምራል። ሰማዩ ነጭ እንደሚሆን ብቻ እወቁ።

ፍጥነትም፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት አቅም (አይኤስኦ)፣ አለ። ኤችፒ5 400 ነው፤ ራጁን ብዙ ሰው ቀን ላይ በ100 ገደማ ይቆጥረዋል። በኤችፒ5 1/30 ሰከንድ የሚበቃው በራጁ 1/8 ይፈልጋል። ሕፃን ለዚያን ያህል አይቆምላችሁም።

አጠባ ላይ ራጁ ደግ ነው። ቀይን ስለማያይ በቀይ መብራት ምስሉ ሲወጣ በዓይናችሁ እያያችሁ ታቆሙታላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ኤችፒ5 ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። ነገር ግን ራጁ በሁለቱም ገጽ የተቀባ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። ትሪው ሥር መስታወት አንጥፉ፤ አንድ አንድ ፍሬ ብቻ እጠቡ። ጀርባው ከተጫረ፣ ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን መስታወት ላይ በፕላስተር አጣብቁና የጀርባውን ቅብ በቀጠነ በረኪና አንሱት። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ለደረቅ ሌዘር ማተሚያ የሚሸጠው የሕክምና ፊልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይክተተው፤ የዚያ መፈተሻ ማሽን ፊልም ያበላሻል። በእጁ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። ካርቶኑን ግን ማንም እንዳይከፍተው አደራ በሉት።