ሱሉልታ መንገድ ላይ ያለው ጋራዥ
የሱሉልታን ብርድ የቀመሰ ሰው የመኪና ማሞቂያ ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። የኔ አሮጌ ላንድክሩዘር የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ማፍሰስ ጀመረች፤ የፊት መስታወቱ ቅባት ቅባት የሚል ጉም ይለብሳል፣ ከተሳፋሪው እግር ስር ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ ኩላንቱም (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ይጎድላል። ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ማሞቂያውን ዘሎ ሸኘኝ። ለጊዜው ያዋጣል፤ ሐምሌ ላይ ግን ሞክሩትና ንገሩኝ! እዚህ ሱሉልታ መንገድ ላይ ያለው ጋራዥ ልጆች ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ አወለቁ፣ ብሎኖቹን በየስኒው ለይተው አስቀመጡ፣ የደረቁትን ቱቦዎች አብረው ቀየሩ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩን አሙቀው ከኩላንቱ መስመር አየሩን አስወጡ። የምትተካዋን ራዲያተር ራሴ ነኝ ከሱማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ሰፈር፣ ያመጣኋት። አዲስ ካገኛችሁ ያገለገለ አትግዙ፣ የማውለቁ ድካም ያው ነው። ዋጋቸው ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ቀጠሮ ላይም አትመኗቸው። ዳሽቦርዱ ግን ኮረኮንች ላይ እንኳ አይንቋቋም።