ዲአር7ን በቀጥታ ማንበብ ወይስ ቅጂውን ማየት?

በኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የዲበግ ኤክሴፕሽንን (ለምሳሌ ብሬክፖይንት ሲነካ ፕሮሰሰሩ የሚያስነሣውን ማቋረጥ) ወይም ሊታገድ የማይችል ኢንተራፕትን ሲያስተናግድ፣ መካከል ላይ ሌላ ብሬክፖይንት (አንድ አድራሻ ሲነካ ፕሮግራሙን የሚያስቆም ምልክት) ተነሥቶ ተደራራቢ ኤክሴፕሽን እንዳይፈጠር ብሬክፖይንቶችን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን የፕሮሰሰሩን ሬጅስተር፣ ዲአር7ን፣ ለጊዜው ባዶ ያደርጋል። ወደ ሬጅስተሩ መጻፍ ውድ ስለሆነ፣ የተተከለ ብሬክፖይንት ከሌለ መጻፉ መቅረት አለበት፤ አከራካሪው ግን መኖር አለመኖሩ የሚታወቅበት መንገድ ነው፦ ሬጅስተሩን ራሱን በማንበብ ወይስ ከርነሉ በማህደረ ትውስታ የያዘውን የዋጋውን ቅጂ በማየት?

ሬጅስተሩን ማንበብ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ የሚነበበው ትክክለኛው ሁኔታ ስለሆነ የሚዛባ ነገር የለም። በእውነተኛ ሃርድዌር ላይ ካሽ ውስጥ ያልተገኘን መረጃ ከማህደረ ትውስታ ከማምጣትም ይረክሳል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ንባቡ ራሱ ወደ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን ወደሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ሊያስወጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ወጪ ነው።

ለየፕሮሰሰሩ የተያዘውን ቅጂ ማየት ይህን ያስቀራል፤ አደጋው በቅደም ተከተል ላይ ነው። ብሬክፖይንት ሲተከል አስቀድሞ ቅጂው፣ ሲነሣ ደግሞ አስቀድሞ ሬጅስተሩ መለወጥ አለበት፤ ይህ ከተገለበጠ በመካከል የደረሰ ኢንተራፕት ቅጂውን ባዶ አይቶ ሥራ ላይ ያለውን ብሬክፖይንት ሳያጠፋ ያልፋል። እንዲህ ያለው ስሕተት አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚታይ ለማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

ስለዚህ በቀጥታ በሃርድዌር ላይ ለሚሠራ ከርነል ንባቡ ይበቃል፤ በሃይፐርቫይዘር ሥር ለሚሠራ ቅጂው ይመረጣል። ሊኑክስም ቅጂውን አስቀድሞ የሚያየው በሃይፐርቫይዘር ሥር መሆኑን ሲያውቅ ብቻ ነው።