«ቱሪንግ ፓኬጅ» ሲሏችሁ ዝርዝሩን ሳታዩ እንዳትፈርሙ

አዲስ ቱሪንግ ሞተር፣ ማለትም ለረጅም ጉዞ የሚሆን ሞተርሳይክል ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖች፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሞተሩ ላይ ምንም ክፉ ነገር የለኝም። የማወራው ከሞተሩ ጋር አንጠልጥለው ስለሚሸጡት የአክሰሰሪ ጥቅል ነው። «ቱሪንግ ፓኬጅ» ይሉታል። ስሙ ያምራል። ውስጡ ግን ግማሹ ጌጥ፣ ግማሹ ወረቀት ነው።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ሞተር ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ እሱን ብጠራ ሌላው ንጹሕ ይመስላችኋል። የሞተሩ ዋጋ ላይ ተስማማን፣ ተጨባበጥን፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ ክፍል አስገቡን። እዚያ የጠበቀን ወረቀት ላይ ዋጋው በ4,000 ዶላር ገደማ ጨምሯል። ለምን ስንል «የጉዞ ዕቃ ነው፣ ለእናንተ ብለን የመረጥነው» አሉን። ዘርዝሩልን ስንል ፊታቸው ተለወጠ። እንደምንም የወጣው ዝርዝር ይሄ ነው፦ የክሮም ክዳኖች፣ ጆሮ የሚበጥስ ጭስ ማውጫ፣ ቀለሙ የሚቀያየር ኤልኢዲ መብራት፣ የኋላ ሳጥን፣ የስልክ መያዣ፣ «ነፃ» ሄልሜት፣ የቀለም መከላከያ ቅባት፣ የጎማና የቸርኬ ዋስትና፣ እና ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን። ናይትሮጅኗ ለብቻዋ ዋጋ ወጥቶላታል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ስነግረው የፋይናንስ ክፍሉ ልጅ ሳቀ። ዋጋዋን ግን አልቀነሰም።

ብዙ ሰው ለምን ዝም ብሎ እንደሚፈርም ይገባኛል። ጠቅላላውን አያሳዩአችሁም፤ የሚያሳዩት የወር ክፍያውን ነው። «በወር ሰባ ምናምን ዶላር ብቻ ነው የሚጨምረው።» እስቲ እናስላው። 4,000 ዶላር በ10 በመቶ ወለድ የ72 ወር ብድር ውስጥ ሲገባ በወር 74 ዶላር ገደማ ይሆናል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትከፍሉ ከ5,300 ዶላር ያልፋል። ክሮሙ ዝጎ፣ ኤልኢዲው ተቃጥሎ፣ እናንተ ገና እየከፈላችሁ ነው።

እምቢ ስትሉ ደግሞ ማስፈራሪያው ይመጣል። «ከውጭ የተገዛ ዕቃ ከገጠማችሁ ዋራንቲው ይሰረዛል።» ይህ እውነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን-ሞስ የሚባል የዋራንቲ ሕግ አለ። አምራቹ «የእኔን ዕቃ ካልገዛችሁ ዋስትና የላችሁም» እንዳይል ይከለክላል። እርግጥ የገጠማችሁት ዕቃ ራሱ ጉዳት ካደረሰ ያ ጉዳት ላይሸፈን ይችላል። መብራት ስትገጥሙ ሽቦ ካቃጠላችሁ ሽቦው የእናንተ ዕዳ ነው። በመብራቱ ሰበብ የማርሽ ሳጥኑን ዋስትና መንፈግ ግን አይችሉም። በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሃርሊ ዴቪድሰን ላይ እርምጃ የወሰደው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ኩባንያው የዋራንቲ ጽሑፉን እንዲያስተካክልና ለደንበኞቹ እንዲያሳውቅ ተደርጓል። ስለዚህ ማስፈራሪያውን ስትሰሙ «በጽሑፍ ስጡኝ» በሏቸው። አይሰጧችሁም።

ሌላም አለ። «ግዴለም ፈርም፣ በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ትችላለህ» የሚል ወሬ በእኛ ሰው መካከል ይዞራል። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ለሚሸጥ ሰውና ለመሳሰለው ነው። ራሳችሁ ወደ ሻጩ ሱቅ ገብታችሁ ለፈረማችሁት ተሽከርካሪ አይሠራም። ከፈረማችሁ ፈረማችሁ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ፤ ምክንያቱም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሞተር የሚሸከመው ክብደት ወሰን አለው። አሜሪካ በሚሸጥ ሞተር ላይ ይህ ቁጥር አካሉ ላይ በተለጠፈ ምልክት ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ መሪው ሥር ታገኙታላችሁ። ብዙዎቻችን የምናውቀውን ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ እንውሰድ። ለመንገድ ዝግጁ ሆኖ 249 ኪሎ ይመዝናል። ከነጭነቱ ማለፍ የሌለበት 465 ኪሎ ነው። ለእናንተ የቀረው 216 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። 80 ኪሎ የሚመዝን ነጂና 65 ኪሎ የምትመዝን ሚስቱ ከነሄልሜታቸው፣ ከነጃኬታቸው፣ ከነቦቲያቸው ሲወጡበት 160 ያልፋል። ቀሪው 55 ገደማ ነው። የአሉሚኒየም ሳጥኖችና መያዣ ብረቶቻቸው ባዶአቸውን 20 ኪሎ ሊደርሱ ይችላሉ። መከላከያ ብረትና መብራት ስትጨምሩ ሌላ 10 ይሄዳል። ልብስ፣ ውሃና የዝናብ ካፖርት የምትጭኑት በ25 ኪሎ ውስጥ ነው። ሻጩ ይህን ሒሳብ አይሠራላችሁም። እሱ የሚያውቀው ብረት በበዛ ቁጥር ኮሚሽን መብዛቱን ነው።

የኋላ ሳጥን ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ሲያዩት ደስ ይላል፣ ሁለት ሄልሜት ይውጣል። ግን የተቀመጠው ከኋላ ጎማ መሃል ዘንግ አልፎ፣ ከፍ ብሎ ነው። ከባድ ነገር ስትከቱበት እንደላላ አንቀልባ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ የፊት ጎማው ይቀላል፣ ሀይዌይ ላይ መሪው መወዛወዝ ይጀምራል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አምራቾች 5 ወይም 10 ኪሎ ብለው ክዳኑ ውስጥ የሚጽፉት። አንዳንዶቹ የፍጥነት ወሰንም ያስቀምጣሉ። ከባዱን ዕቃ የጎን ሳጥን ውስጥ፣ ዝቅ አድርጉት። የኋላው ለቀላል ነገር ይሁን።

ኤሌክትሪኩም ወሰን አለው። የዚያው ቢኤምደብሊው ኃይል ማመንጫ 510 ዋት ነው። ከዚያ ላይ ኢንጅኑ ራሱ፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የፊት መብራቱ የድርሻቸውን ይወስዳሉ። በተረፈው ላይ የሚሞቅ ጃኬት ለሁለት ሰው 160 ዋት ገደማ፣ የሚሞቅ ጓንት ሌላ 50፣ ተጨማሪ መብራት 80 ስትደምሩ ትርፉ አለቀ። ሞተሩ ቆሞ ሲያጉረመርም ደግሞ የሚያመነጨው ከዚያ ያንሳል። ጠዋት ባትሪ ሞቶ የሚገኘው እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ያ የሚብለጨለጨው ኤልኢዲ የተገጠመበትን መንገድ አይቻለሁ። ፊውዝ የለው፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የለው፤ ሽቦ ላይ ሽቦ ጠምጥመው ፕላስተር አልብሰውታል። በዘመናዊ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የኮምፒዩተሩን የስህተት መብራት ያበራል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል።

የስልክ መያዣው ትንሽ ነገር ይመስላል። አፕል በ2021 ራሱ አስጠንቅቋል፤ የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ ይችላል ብሏል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ተራ ብረት መቆንጠጫ ነው፣ ንዝረት የሚውጥ ጎማ የለውም። የ1,000 ዶላር ስልክ በ20 ዶላር መያዣ ማበላሸት ማለት ይሄ ነው።

«ነፃ» የተባለውን ሄልሜት በእጃችሁ መዝኑት። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዲሲም ሄልሜት ግዴታ ነው፤ ግን መስፈርቱን ያሟላ መሆን አለበት። ከኋላው ያለው ምልክት ዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል) ብቻ ብሎ ከቆመ ተጠራጠሩ። ከ2013 ወዲህ የተሠራ እውነተኛ ሄልሜት የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ የደረጃውን ቁጥር 218ን እና «የተረጋገጠ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አብሮ ይዟል። ውስጡን ዳስሱ። ጠንካራው አረፋ ወደ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ይወፍራል፣ ጠቅላላው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ያልፋል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ውስጡ ስፖንጅ ብቻ የሆነ ነገር ባርኔጣ ነው።

እና ምን ይገዛ? እኔ የምለው ባዶውን ሞተር ግዙ። ንዱት። ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ያለው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ውጡ፣ 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ወሰኑም 35 ማይል። እዚያ ስትነዱ የሚጎድላችሁ ነገር ራሱ ይነግራችኋል። የሚጮህ ጭስ ማውጫ እንደማይሆን ዋስ እሆናለሁ። በጸደይ ወይም በመከር ከሄዳችሁ መጀመሪያ የሚቆረጥመው ጣት ነው፤ ስለዚህ የመሪ መያዣ ማሞቂያ ገንዘቡን ይመልሳል። የፊቱን የነፋስ መከላከያ መስታወት ሳትሞክሩ አትግዙ። ለእኔ ልክ የሆነው ለአጭር ሰው ጫፉ ዓይኑ ላይ ይመጣበታል፣ በዝናብ ደግሞ በላዩ ማየት ካልቻላችሁ አደጋ ነው። ወንበርም እንደዚያው፤ ረጅም ቀን ካልተቀመጣችሁበት አታውቁትም።

ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ ከሆነ የመድፈኛ መሣሪያና ትንሽ የአየር ፓምፕ ኮርቻ ሥር ይኑር። ከስካይላይን ድራይቭ ጫፍ የሚቀጥለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ሲሆን መንገዱ ላይ ነዳጅ ማደያ እንኳ የለም፤ ጎሚስታ ከየት ይመጣል? ካላማዳሪያ ያለው ከሆነ ግን ያ መድፈኛ አይረዳችሁም፣ ስለዚህ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የጆሮ መድፈኛ ደግሞ በሳንቲም ይገዛል። ሀይዌይ ላይ የነፋሱ ድምፅ ሄልሜት ውስጥ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፣ ጆሮ ከሄደ አይመለስም። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም፤ ምን ያተርፍበታል?

መከላከያ ብረት ጥሩ ነው። ግን የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ርካሹ ቀጭን ቱቦ በአንድ ቡሎን ኢንጅኑ ላይ ብቻ ይታሰራል፣ ሞተሩ ሲወድቅ ኢንጅኑን ይዞ ይሰነጠቃል። ደህናው ከሻሲው ጋርም ይያያዛል። መሃል መቆሚያ በሰንሰለት ለሚሄድ ሞተር ይጠቅማል፣ ሰንሰለት መቀባት ያቀላል። በካርዳን (በሰንሰለት ፋንታ በሚሽከረከር ዘንግ) የሚሄድ ከሆነ ያን ያህል አያጣድፍም።

ስትደራደሩ ስለ ወር ክፍያ አታውሩ። ታክስ፣ ታርጋና የሰነድ ክፍያ ተደምሮ ሞተሩን ይዛችሁ የምትወጡበትን ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከተቻለ ከቤታችሁ በኢሜይል። እያንዳንዱ ዕቃ በመስመር በመስመር፣ ከነመለያ ቁጥሩና ከነመግጠሚያ ሰዓቱ ይጻፍ። «ቀድሞ ተገጥሟል» ካሉ «አውርዱት፣ ወይ ዋጋውን አንሱ» በሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲላቸው ማኔጀር ተጠራ፣ ቡና ቀረበ፣ የጥቅሉ ዋጋ ወደ ግማሽ ወረደ። ወዲያው ግማሹን የሚተዉት ዕቃ መጀመሪያውኑ ስንት ያወጣ ነበር? ተነስተን ወጣን። ሞተሩን ሌላ ቦታ ባዶውን ገዛው።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ሁሉም ነገር አላለቀም። ክሮሙ ላይ ብዙ ማድረግ አይቻል ይሆናል። የጎማ ዋስትና፣ የአገልግሎት ውልና ጋፕ ኢንሹራንስ (ሞተሩ ሲወድም ወይም ሲሰረቅ በዋጋውና በቀሪው ብድር መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን) የመሳሰሉት ግን ብዙዎቹ የሚሰረዙበት አንቀጽ አላቸው፤ ያልተጠቀማችሁበት ጊዜ ተሰልቶ ይመለሳል። ብድር ከሆነ ገንዘቡ አበዳሪው ጋ ገብቶ ዕዳውን ይቀንሳል እንጂ እጃችሁ ላይ አይመጣም። ስረዛውን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ካንገራገሩ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ሻጮችንም የሚቆጣጠር የሞተር ተሽከርካሪ ሻጮች ቦርድ አለ፣ ቅሬታ ይቀበላል። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል። ውሉን፣ የዕቃ ዝርዝሩንና መጀመሪያ ያያችሁትን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ።