«ስብ እያቃጠሉ ነው» የሚለው የእስትንፋስ መለኪያ፦ የቱን ስብ?

ከመዳፍ የማይበልጥ አንድ መሣሪያ ገዝቼ ለ3 ወራት ያህል ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ፣ ማታም ከመተኛቴ በፊት ስተነፍስበት ቆየሁ። መሣሪያው ከእስትንፋስ በሚያገኘው መረጃ ተመሥርቶ ሰውነት በዚያች ሰዓት የሚያነደው ስብ ይሁን ካርቦሃይድሬት ከ1 እስከ 5 ባለ ነጥብ ይናገራል፤ 1 ማለት በአብዛኛው ስብ፣ 5 ማለት በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው። ሻጩ ድርጅት የሚሰጠው ተስፋም ግልጽ ነው፤ ነጥቡን ዝቅ አድርጎ መያዝ የቻለ ሰው ክብደቱ ይቀንሳል። በዚህ ግምገማ መሣሪያው ቁጥሩን ምን ያህል በትክክል እንደሚያነብ፣ ከዚያም ያ ቁጥር ስለ ውፍረት በእርግጥ የሚነግረን ነገር መኖር አለመኖሩን እመለከታለሁ። የፊተኛው ጥያቄ በአጭሩ የሚመለስ ሲሆን የኋለኛው ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በአካላዊ አሠራሩ ላይ ብዙ ቅሬታ የለኝም። ቀላል ነው፣ ባትሪው አንድ ጊዜ ተሞልቶ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘውም ሳይንገላታ ነው። አየር ስቦ ለ10 ሰከንድ መያዝና ቀስ ብሎ መልቀቅ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ በ3ኛው ቀን ግን ይለመዳል።

የአሠራሩ መሠረት የቆየና አስተማማኝ ሳይንስ ነው። አንድ ሞለኪውል ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲነድ 6 ሞለኪውል ኦክስጅን ወስዶ 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ የሚወጣው ለሚገባው ሲካፈል ውጤቱ 1 ይሆናል። በሰው ስብ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ የሆነው ፓልሚቲክ አሲድ ግን 23 ኦክስጅን ጠይቆ የሚለቀው 16 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ 0.70 ነው። ስብ በራሱ ውስጥ የያዘው ኦክስጅን በጣም ጥቂት በመሆኑ ለመንደድ ከውጭ አብዝቶ መውሰድ አለበት፤ ልዩነቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለቱንም ጋዞች በትክክል የለካ ባለሙያ የአንድ ሰው ሰውነት ከየትኛው ማገዶ ምን ያህል እየተጠቀመ እንደሆነ በሂሳብ ሊያወጣ ይችላል።

እጄ ላይ ያለው መሣሪያ ግን የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ ነው። ላዕሉን አይቶ ታህቱን በግምት የሚሞላ ክፍልፋይ ማለት ነው። ይህ ግምት ሰውዬው ተረጋግቶ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አተነፋፈስ ሲለካ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል፤ አተነፋፈሱ ሲለወጥ ግን ይፈርሳል። ለማረጋገጥ ያህል አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ስለካ ነጥቤ 4 ነበር፤ ወዲያው አሥር ጊዜ በፍጥነትና በጥልቀት ተንፍሼ ደግሜ ብለካ 2 ሆነ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ህዋሶቼ ማገዶ ለወጡ ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም፤ የሆነው ነገር በፍጥነት ስተነፍስ በደሜ ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠርጎ መውጣቱ ብቻ ነው። ደረጃ ሮጦ ከወጡ በኋላ መለካትም እንዲሁ አያስተማምንም፤ ጡንቻ ጠንክሮ ሲሠራ የሚፈጠረው አሲድ በደም ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ከማገዶ ያልመጣ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ስለዚህ የጠዋቱን ልኬት ብቻ፣ ያውም ሳይበሉና ሳይንቀሳቀሱ የተወሰደውን፣ ቢይዙ ይሻላል። መመሪያው ይህን የሚጠቅሰው በጥቃቅን ፊደል ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ2ኛው ሳምንት ጠዋት ሳልበላ ስለካ 2 አገኘሁ። ከዚያ ከ2 ማንኪያ ዘይት በቀር ምንም ሳልቀምስ ቆይቼ ከ3 ሰዓት በኋላ ስለካ መተግበሪያው «እጅግ ጥሩ! ስብ እያቃጠሉ ነው» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አወጣና 1 ሰጠኝ። አባባሉ ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከሚነደው ስብ ውስጥ ምን ያህሉ ከወገቤ የወጣ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ጠዋት የዋጥኩት ዘይት እንደሆነ መሣሪያው አላወቀም፤ ሊያውቅም አይችልም። ሁለቱም በእስትንፋስ ውስጥ ትተውት የሚሄዱት ምልክት አንድ ነው። 230 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ወደ ሆዴ ያስገባሁበት ጠዋት በመተግበሪያው መዝገብ ላይ ከ3ቱ ወራት እጅግ የተሳካ ቀን ተብሎ ተመዝግቧል።

ይህ ተራ የቴክኒክ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን የምርቱ አስተሳሰብ ሙሉ በሙሉ የቆመው ስብ ማንደድና ስብ መቀነስ አንድ ናቸው በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ስብ የሚቀንሰው የሚነደው ከሚገባው ሲበልጥ ነው፤ አንዱን ብቻ ማወቅ ወጪውን አይቶ ገቢውን ሳያዩ የገንዘብ ሣጥን ውስጥ ያለውን ለመገመት እንደ መሞከር ነው። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በሚገባ አሳይቷል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 19 ሰዎች በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ምግባቸው በጥንቃቄ እየተመዘነ፣ በአንድ ዙር ካርቦሃይድሬት ብቻ፣ በሌላ ዙር ደግሞ ስብ ብቻ እንዲቀነስባቸው ተደረገ፤ በሁለቱም ዙር የተቀነሰው ካሎሪ እኩል ነበር። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ሰውነታቸው የሚያነደው ስብ ጨመረ። ስብ ሲቀነስ ግን የሚያነዱት ስብ ብዙም አልተለወጠም። ሆኖም በቀን የጠፋው የሰውነት ስብ በካርቦሃይድሬት ቅነሳው 53 ግራም፣ በስብ ቅነሳው ደግሞ 89 ግራም ነበር። የእኔ መሣሪያ በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር ኖሮ የሚያሞግሰው ያነሰ ስብ በጠፋበት ዙር ላይ ነበር።

ይህ ጥናት በእያንዳንዱ አመጋገብ ለ6 ቀናት ብቻ የቆየ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ስለዚህም «ስብ የሌለው ምግብ ያሸንፋል» ለማለት አልጠቀምበትም። በ2018 ውጤቱ የታተመው፣ 609 ሰዎችን ለ12 ወራት የተከታተለ ጥናት ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ እንዳጡ አሳይቷል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የሁለቱ ቡድኖች እስትንፋስ ቢለካ ኖሮ ነጥቦቻቸው እንደሚራራቁ መገመት አያዳግትም፤ ሚዛናቸው ግን አልተራራቀም።

ለፍትሕ ያህል የምርቱን ወገን የሚደግፍ ማስረጃም መጥቀስ አለብኝ። በ1990 የወጣ ጥናት በ24 ሰዓት ልኬት ከስብ ይልቅ ካርቦሃይድሬትን አብልጠው የሚያነዱ ሰዎች በኋላ 5 ኪሎና ከዚያ በላይ የመጨመር ዕድላቸው፣ ስብን አብልጠው ከሚያነዱት ጋር ሲነጻጸር 2.5 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ማለትም ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ በልተው አንዱ ስቡን የማንደድ፣ ሌላው የማስቀመጥ ዝንባሌ ሊኖረው ይችላል። ይህ ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ያ ልኬት የተወሰደው ሰዎቹ አንድ ሙሉ ቀን በተዘጋ የመለኪያ ክፍል ውስጥ፣ የታወቀ ምግብ እየበሉ፣ ኦክስጅናቸውም ጭምር እየተለካ ነው። በምሳ ሰዓት በችኮላ አንድ ጊዜ ከሚተነፈስበት መሣሪያ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም አይታየኝም።

ስለ ስብ ዓይነት መሣሪያው ምንም አይልም፤ መተግበሪያው ግን ብዙ ይላል። በየቀኑ ከሚልካቸው ምክሮች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚመጣው መካከለኛ ሰንሰለት ያላቸውን ስቦች የያዘውን፣ በተለምዶ ኤምሲቲ ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት መውሰድ ነው። ድርጅቱ ራሱ ዘይቱን በጠርሙስ ይሸጣል፤ ይህን እያወቁ ምክሩን ማንበብ ተገቢ ነው። ከምክሩ በስተጀርባ ያለው የህዋስ ሳይንስ ግን እውነት ነው፤ እንዲያውም ከጠቅላላው ምርት ይልቅ እኔን የማረከኝ እርሱ ነው። አብዛኛው የምንበላው ስብ ረጅም ሰንሰለት ያለው ሲሆን ከአንጀት ተነሥቶ በሊምፍ ቧንቧ በኩል ዞሮ ወደ ደም ይገባል፤ በመንገዱም የስብ ህዋሶች እየተቀበሉ ያስቀምጡታል። ወደ ህዋስ ከገባ በኋላም ወደ ማንደጃው፣ ማለትም ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ ለመግባት ካርኒቲን የሚባል አሻጋሪ ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን ከፍ ሲልና ግሉኮስ ሲበዛ በህዋሱ ውስጥ የሚከማች ማሎኒል ኮኤ የተባለ ንጥረ ነገር ይህን መሻገሪያ ይዘጋዋል። ስብና ስኳር በአንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ ስኳሩ ቀድሞ የሚነደውና ስቡ ወደ ጎተራ የሚላከው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። መካከለኛ ሰንሰለት ያላቸው ስቦች ግን ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳሉ፤ ወደ ሚቶኮንድሪያም ለመግባት ይህን አሻጋሪ ያን ያህል አይጠብቁም። በ2000 በወጣ ጥናት ሰዎች በምልክት የተለዩ የስብ አሲዶችን እንዲበሉ ተደርጎ በ9 ሰዓት ውስጥ ባለ 12 ካርቦኑ ላውሪክ አሲድ 41 ከመቶው ሲነድ፣ ባለ 18 ካርቦኑ ስቴሪክ አሲድ የነደደው 13 ከመቶው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ትርፍ ስንት ነው? የ13 ሙከራዎችን ውጤት አጠቃልሎ በ2015 የወጣ ትንተና በተለመደው ስብ ምትክ ይህን ዓይነት ስብ የወሰዱ ሰዎች በአማካይ 0.51 ኪሎ ተጨማሪ እንደቀነሱ ይናገራል። ግማሽ ኪሎ። ያውም በሌላው ስብ «ምትክ» ሲወሰድ እንጂ፣ መተግበሪያው እንደሚመክረው ጠዋት ከሌላው ምግብ ላይ ሲጨመር አይደለም። እኔ ምክሩን ቃል በቃል ተከትዬ ለ3 ሳምንታት ስወስደው ክብደቴ ፈቅ አላለም፤ በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ደግሞ ሆዴን ክፉኛ ስለረበሸኝ ከቤት ለመውጣት እስከመሥጋት ደርሼ ነበር። ይህ የታወቀ ጠባዩ ስለሆነ በማስጠንቀቂያ መልክ መጻፍ ነበረበት። የመሣሪያው ነጥብ ግን በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ አብረቅራቂ 1 ነበር።

ሌላው የመተግበሪያው ትምህርት ከዘር በተጨመቁ ዘይቶች ላይ ያነጣጠረ ነው። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የረጋ ስብ ሲነድ ከግሉኮስ ጋር ሲነጻጸር የኤሌክትሮን ተሸካሚዎቹ ምጣኔ ይለወጣል፤ ለምሳሌ ከአንድ ግሉኮስ 10 ኤንኤዲኤች እና 2 ኤፍኤዲኤች2 ሲገኝ፣ ከአንድ ፓልሚቲክ አሲድ ግን 31 ኤንኤዲኤች እና 15 ኤፍኤዲኤች2 ይገኛል። የኤፍኤዲኤች2 ድርሻ ሲጨምር የኤሌክትሮኖቹ መንገድ ይጨናነቃል። ይህ መጨናነቅ የስብ ህዋሱ ስብ አስቀምጥ ለሚለው ኢንሱሊን ጀርባውን እንዲሰጥ፣ ስለዚህም «ጠገብኩ» እንዲል ያደርገዋል፤ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ያልረጋ ስብ የበዛባቸው የዘር ዘይቶች ግን ይህን ምልክት ስለሚያዳክሙ ህዋሱ ያለገደብ ያብጣል ይላል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ የኤሌክትሮን ቆጠራውም ትክክል ነው። መተግበሪያው ግን ገና መላምት መሆኑን ሳይናገር እንደ ተረጋገጠ ሕግ ያቀርበዋል። በ2014 የወጣ ሙከራ ይህን በቀጥታ የሚነካ ይመስለኛል፤ 39 ወጣቶች ለ7 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው በላይ ኬክ እንዲበሉ ተደርጎ የአንዱ ቡድን ኬክ የረጋ ስብ በበዛበት የፓልም ዘይት፣ የሌላው ሊኖሌይክ አሲድ በበዛበት የሱፍ አበባ ዘይት ተጋገረ። ሁለቱም ቡድኖች በእኩል 1.6 ኪሎ ጨመሩ። ልዩነቱ የታየው ስቡ በሄደበት ቦታ ነው፤ የፓልም ዘይት በበሉት ላይ በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ ይበልጥ ሲጨምር፣ የሱፍ አበባ ዘይት የበሉት ላይ ከጭማሪው ውስጥ ስብ ያልሆነው ሥጋ ድርሻ ከፓልም ዘይቱ ቡድን የበለጠ ነበር። መላምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን በጠበቅን ነበር። የስብ ዓይነት ለጤና አስፈላጊ መሆኑን ሙከራው አጉልቶ ያሳያል፤ ነገር ግን መተግበሪያው በሚገፋበት አቅጣጫ አይደለም።

የእስትንፋሱ ምልክትም እዚህ ላይ አይረዳም። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚገባው ኦክስጅን ሲካፈል የፓልሚቲክ አሲድ ውጤት 0.70፣ የሊኖሌይክ 0.72፣ ከኤምሲቲ ዘይት ዋና ክፍሎች አንዱ የሆነው ካፕሪሊክ አሲድ ደግሞ 0.73 ነው። ኦክስጅን የማይለካ መሣሪያ ይቅርና የተሟላ ቤተ ሙከራም በዚህ ጠባብ ልዩነት የስብ ዓይነትን ለይቶ አይናገርም።

በ3ቱ ወራት 2.5 ኪሎ ቀንሻለሁ። ከዚህ ውስጥ 1.5 ኪሎ የሚሆነው የወረደው ካርቦሃይድሬት በቀነስኩበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሰውነት ካርቦሃይድሬትን አከማችቶ የሚያስቀምጥበት ግላይኮጅን እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውኃ አብሮ ስለሚይዝ፣ ጎተራው ሲጎድል ውኃው ተከትሎ ይወጣል። መተግበሪያው በዚያ ሳምንት የርችት ምስል አሳይቶኛል። ቀሪው 1 ኪሎ የመጣው ማታ ማታ መክሰስ በመተዌ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ከምሽቱ ልኬት በኋላ አፌን ላለመክፈት ያደረግሁት ጥረት አስተዋጽኦ አድርጓል። መሣሪያውን ስለ አንድ ጥቅም አመስግን ብባል የማመሰግነው ስለዚህ ነው።

የደንበኞች አገልግሎቱ ቶሎ ይመልሳል፤ ነገር ግን ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ መልስ ነው። የዘይቱን ጠዋት አስመልክቶ «መሣሪያው የበላሁትን ስብ ከሰውነቴ ስብ እንዴት ይለያል?» ብዬ ስጽፍ ነጥቤ እጅግ ጥሩ ስለሆነ በዚሁ እንድቀጥል የሚያበረታታ መልእክት ደረሰኝ። ደግሜ ብጠይቅም ያው መልእክት ተደገመ። መሣሪያው ከተገዛ በኋላም ወርኃዊ ክፍያ ካልተከፈለ ነጥቡን እንጂ ያለፉትን ቀናት መዝገብ አያሳይም፤ ይህ በማሸጊያው ላይ በግልጽ አልተጻፈም።

ለማን ይጠቅማል? ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ከልምምድ በፊት ጠዋት ጠዋት እየለካ የራሱን ለውጥ በወራት ውስጥ ቢከታተል ጥቂት ሊማርበት ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበትና ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ነጥብ ተመሥርቶ ምግቡን ወይም መድኃኒቱን መለወጥ የለበትም። ክብደት ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው ተራ ሚዛንና የወገብ መለኪያ ሜትር የተሻለ መረጃ ይሰጡታል፤ ሁለቱም ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቁም። ከ5 ነጥብ 2 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱ ለባትሪው፣ ሌላው ስለ ካርኒቲን እንዳነብ ስላደረገኝ። ክፍያውን ባለፈው ሳምንት አቋርጫለሁ፤ መተግበሪያው የመጨረሻ ልኬት እንድወስድ ጠየቀኝና ጥብስ በልቼ ስለነበር 1 ሰጠኝ።