ለልጄ ሰርቪስ ከ5 ኮከብ 2፣ ለእግራችን 4

ሰፈራችን ቀበና ነው፣ የልጄ ትምህርት ቤት ደሞ አራት ኪሎ አካባቢ። ስልኬ ላይ ስለካው 2 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ለዚች መንገድ ነው እንግዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በወር 3,500 ብር ለሰርቪስ ስከፍል የኖርኩት፣ አትሳቁብኝ። የሰርቪሱን ስም አልጠራም፣ ሰውየው ክፉ ሰው ስላልሆነ፣ ደሞ ስጽፈው ግማሾቻችሁ "የኛም እንደዛው ነው" እንደምትሉ ስለማውቅ።

ከጥሩው ልጀምር። ሹፌሩ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ ስልኩንም አንስቶ ያናግራል። አንዴ እኔ ከሥራ ስመለስ መንገድ ተዘጋግቶ ቤት ሰው ሳይኖር ደርሶ፣ ልጁን በር ላይ ጥሎት ከመሄድ ሌሎቹን ሁሉ አድርሶ እሱን ጋቢና አስቀምጦ እስክመጣ ጠበቀኝ፣ ይሄን አልረሳለትም። ሁለቱ ኮከብ የዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌላው። ትምህርት የሚጀምረው 2፡15 ነው፣ ሰርቪሱ ግን በራችን ላይ 12፡30 ጥሩምባ ያሰማል። ለምን ብትሉ መኪናው የሚያድረው እኛ ሰፈር ስለሆነ መጀመሪያ የሚነሳው የኔ ልጅ ነው። ከዛ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ሾላ፣ ከሾላ መገናኛ፣ ልጆቹን ከየቅያሱ እየለቃቀመ ይሄድና ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜያለሁ፣ በቃ ሚኒባሱ መጣና ልጄ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ በፊቴ አለፈ። ከቤት ከወጣ 55 ደቂቃ ሆኖታል! እንቅልፉን ሳይጨርስ ቀስቅሼ፣ ቁርሱን እንደ ኪኒን አስውጬ የላኩት ልጅ ሰፈሩን ጎብኝቶ ተመልሶ በራችን ላይ እያለፈ ነው። ዳቦውን ይዤ የቀረሁትን ታውቁታላችሁ።

ከዛ በኋላ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ሚኒባስ በወጉ 12 ሰው ነው የሚጭነው፣ እኔ ስቆጥር 19 ልጅ፣ በወንበሮቹ መሃል በርጩማ ገብቶ፣ ቦርሳው እግር ስር ተቆልሎ። ቀበቶ ምናምን አትጠይቁኝ። ረዳቱን ስጠይቀው "እናቴ ልጆች እኮ ቀጭን ናቸው" አለኝ። እሺ ይሁን፣ ግን አንድ ማታ ልጄ እራት እየበላ "ማሚ ትራፊክ ስናይ እኮ ሁላችንም ጎንበስ ብለን እንደበቃለን፣ ማንም አያየንም" አለኝ፣ እየሳቀ ነው የሚነግረኝ፣ ለሱ ድብብቆሽ ነው። እኔ ግን የዛን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ኮከብ እዚህ ላይ ወደቀ።

ክፍያውን በተመለከተ ጥር ላይ "ነዳጅ ጨምሯል" ተብሎ 500 ብር ተጨመረብን። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም፣ መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያነሳ በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ገብቷል፣ ሹፌሩ ከኪሱ አያወጣም። የሚያናድደው ትምህርት ቤት ለሴሚስተር እረፍት ሲዘጋም የሙሉ ወር መክፈላችን ነው። ወላጆች ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተነስተን ስንጠይቅ በድምፅ "የናንተስ ደሞዝ በበዓል ይቆረጣል እንዴ?" ብሎ ላከልን። ሠላሳ ወላጅ መልስ አጣን።

ባለቤቴ "ተይው እኔ በቪትዟ አደርሰዋለሁ" አለ። ሁለት ሳምንት ሞከረ። መንገዱ ላይ ምንም ችግር የለም፣ ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው፣ ሁሉም ወላጅ ልጁን ከበሩ ጉበን ላይ ካላወረደ አይሆንለትም፣ አንዱ ደርቦ ያቆማል፣ ሌላው መብራት አብርቶ "አንድ ደቂቃ" ብሎ ልጁን እስከ ክፍል ይሸኛል፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ይለቀዋል፣ በእግራቸው የመጡት ልጆች በዚህ ሁሉ ብረት መሃል እየተሹለኮሉ ይገባሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ባለቤቴ ወደኋላ ሲል የጥበቃው ሰው መኪናውን በመዳፉ ደበደበው፣ ሲወርድ አንዲት የኬጂ ልጅ ከኋላ የወደቀ ኮዳዋን ለማንሳት ጎንበስ ብላለች። ምንም አልሆነችም ተመስገን። እሱ ግን ቤት ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ "ከነገ ጀምሮ በእግር" አለ፣ ሌላ ወሬ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ሬዲዮ ላይ ሁሌ እንሰማለን፣ ያቺን ልጅ እስክናይ ድረስ ግን ሰው የሚገጨው ሁሌ ሌላ ሹፌር ነበር የሚመስለን።

እና ከየካቲት ጀምሮ በእግራችን ነን። 1፡35 እንወጣለን፣ ከ2 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል እንደርሳለን። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን አላደርገውም ነበር፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከአራት ኪሎ መገናኛ ያለው መስመር አንዱ ነበር፣ ከዛ በፊት ክዳን የሌለው ቱቦ እየዘለልን አስፋልት ላይ ነበር የምንሄደው። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ መብራት አለ፣ ሌላው ቀርቶ መቀመጫ አለ (እኔ ዳገቱ ላይ እጠቀምበታለሁ)። ግን ይሄንንም ልበል፣ በዚሁ ልማት ከፒያሳ ተነስተው ከተማው ዳር ገላን ጉራ የገቡ ብዙ ናቸው፣ ከዛ ለሚመጣ ልጅ "በእግር ሂድ" ማለት ስድብ ነው፣ ለሱ ሰርቪስ ምርጫ አይደለም።

ዳገቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከቀበና ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ያለውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሆነች ሳንባዬ ያረጋገጠልኝ እዛ ነው። ልጁ ይሮጣል፣ እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ አለከልካለሁ። ቦርሳውን አንድ ቀን ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፣ 5 ኪሎ ተኩል! ልጁ ራሱ 24 ኪሎ ነው። ባለቤቴ "ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ እያለ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር የሚማረው" ሲለው ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ "ኃይሌ ስንት ደብተር ነበረው?" ትምህርት ቤቶች ሆይ መጽሐፉን ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጡበት ሳጥን ብትሠሩ ምን አለበት።

ያላሰብኩት ነገር ወሬው ነው። ሰርቪስ እያለ "ዛሬ እንዴት ነበር?" ስለው "ጥሩ" ብቻ ነበር መልሱ። አሁን ዳገቱ ላይ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የሒሳብ ቲቸር ለምን እንደተቆጣ፣ ሁሉን ይለቀዋል። የሰባትን ማባዛት መቀመጫዎቹን እየቆጠርን ነው የጨረስነው። ቆሎ የሚሸጡትን እማማ "እንደምን አደሩ" ሳይል አያልፍም፣ አንድ ቀን ሲቀር "ልጁ አሞት ነው?" ብለው ጠይቀውኛል።

አምስተኛው ኮከብ ለምን ቀረ? ዜብራ ላይ የሚቆምልን ሹፌር ከአስር ሁለት ቢሆን ነው፣ ልጁን እጁን ይዤ እንኳን ልቤ ይመታል፣ ብቻውን የምለቀው መቼ እንደሆነ እንጃ። ሞተረኞች ደሞ ያንን የተነጠፈ መንገድ የነሱ አድርገውታል። ሰኔ ላይ ያ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ቀልድ ነው፣ አምስት ቀን ኮንትራት ታክሲ ይዘናል። ደሞ ይሄ ሁሉ የሚሆነው እኔ ሥራ 3 ሰዓት ስለምገባ ነው፣ 2 ሰዓት የምትገቢ እናት ብትሆኚ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ምናልባት እንደኛ ሰፈር ሦስት አራት እናቶች ሆናችሁ በተራ መሸኘት፣ እኛ ከጎረቤቴ ጋር ማክሰኞና ሐሙስ እንደዛ ነው።

ሰርቪስ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ደሞ ከመስማማታችሁ በፊት ልጃችሁ ስንተኛ እንደሚነሳ ጠይቁ፣ ዋናው እሱ ነው፣ በክረምትና በእረፍት ክፍያው እንዴት እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ፣ አንድ ጠዋት ደሞ ሳትናገሩ አብራችሁ ተሳፈሩና ልጆቹን ቁጠሩ። "ቦታ የለም" ካላችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከሹፌሩ ጋር አልተጣላንም፣ ሲያየን ክላክስ ያደርግልናል። ባለፈው ሰኞ ዳገቱ ላይ ነበርን፣ ከኋላችን መጣና መብራቱ ላይ ተሰልፎ ቆመ፣ ልጄ ዞር ብሎ አይቶት "ማሚ ሩጪ!" አለኝ። ቦርሳውን ተሸክሜ ሮጥኩ። እኛ በሩ ላይ ስንደርስ እሱ ገና ከመኪናዎቹ መሃል እየተጋፋ ነበር።